ገበያው ወደ ስልክ ሲገባ የአምራቹ ድርሻ ምን ይሆናል?

የላስታ ነጭ ማር ገበያ ሲወጣ ገዢው ቀምሶ፣ አሽትቶና ተከራክሮ ይገዛ ነበር። "ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ" እንዲሉ፣ የሻጩ አንደበትም ገዢን ይስባል። ዛሬ ግን በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ የሚኖር ሸማች ያንኑ ማር በቴሌግራምና በፌስቡክ በተለጠፈ ፎቶ ያያል። መቅመስ አይችልም፤ ብዙ ጊዜ ግን ክፍያውን አስቀድሞ እንዲልክ ይጠየቃል። ይህ ለውጥ ለአርሶ አደሩም ሆነ ለከተማው ሸማች ምን ይዞ መጣ?

የግብይት ትምህርት የተከታተለ ሰው አራቱን መሠረቶች ያስታውሳቸዋል፦ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ እና ማስተዋወቅ። አሜሪካዊው ምሁር ጀሮም ማካርቲ በ1960 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቋቸው እነዚህ መሠረቶች ገበያን የሚመለከቱት በሻጩ ዓይን ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ሮበርት ላውተርቦርን እይታውን ወደ ገዢው አዞሩት። በእርሳቸው አስተሳሰብ ከምርት በፊት የገዢው ፍላጎት፣ ከዋጋ በፊት የሚያወጣው ጠቅላላ ወጪ፣ ከቦታ በፊት ምቾቱ፣ ከማስተዋወቅ በፊት ደግሞ ከእርሱ ጋር የሚደረገው ንግግር ይቀድማል። ዲጂታል ግብይት ይህን እይታ ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ወደ አርሶ አደሩ ደጅ አምጥቶታል።

ከምርት እንጀምር። በአካል ያልታየ ምርት የሚሸጠው በመረጃና በእምነት ነው። "ማኛ ጤፍ" ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የት እንደተመረተ፣ መቼ እንደታጨደ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ መገለጽ አለበት። ማር ከስኳር፣ ቅቤም ከሙዝና ከአትክልት ቅባት ጋር ተቀላቅሎ መሸጡን የሰማ የከተማ ነዋሪ በቀላሉ አያምንም። ሳያዩ መግዛት ግን ለአገራችን ፍጹም አዲስ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እንደ ቡናና ሰሊጥ ያሉ ምርቶችን በጥራት ደረጃቸው ሲያገበያይ ቆይቷል። ገዢው የሚተማመነው ናሙና ተወስዶ በተሰጠው ደረጃ ነው። ማርና ቅቤ በስልክ ሲሸጡ ግን እንዲህ ያለው መተማመኛ ብዙ ጊዜ የለም።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። አርሶ አደሩ የዕለቱን ዋጋ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ገበያ ከደረሰ በኋላ ነበር። ምርቱን መልሶ ማጓጓዝ ሌላ ወጪ ስለሆነበት የቀረበለትን ይቀበላል። አሁን ከቤቱ ሳይወጣ በተለያዩ ከተሞች ያለውን ዋጋ መጠየቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ስልክ ሁሉንም አይፈታም። በፎገራ የሽንኩርት ምርት በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወርዳል፤ ሽንኩርት ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። ለእንዲህ ያለው ምርት ዋጋን በአጨዳ ሰሞን ከማወቅ ይልቅ ከመዝራት በፊት ገዢን ማነጋገርና ውል መያዝ ይበልጣል።

ሦስተኛው ቦታ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ክፍያ በገበያ ቀንና በገበያ ሜዳ መወሰኑ ቀርቷል። *127# በመደወል በተራ ስልክም መጠቀም ስለሚቻል ዘመናዊ ስልክ የሌለው አርሶ አደርም ከአገልግሎቱ አይገለልም። ሆኖም ስልክ ገንዘብ ያሻግራል እንጂ ሽንኩርት አያሻግርም። መንገድ፣ ማሸጊያና ማጓጓዣ ካልተሟሉ ወይም ኔትወርክ ከተቋረጠ በስልክ የተገኘው ገዢ ይጠፋል።

አራተኛው ማስተዋወቅ ነው። ቀድሞ ሻጭ ይናገራል፣ ገዢ ይሰማል። አሁን ገዢው ይጠይቃል፣ አስተያየቱን ይጽፋል፣ ለወዳጆቹም ያጋራል። አንድ የተታለለ ደንበኛ የጻፈውን ብዙዎች ያነቡታል፤ አንድ የረካ ደንበኛም ሌሎችን ያመጣል።

ታዲያ በዚህ ለውጥ የሚጠቀመው ማን ነው? አሁን ባለው አያያዝ ቀዳሚው ተጠቃሚ ስልኩንና የከተማውን ገበያ የሚያውቀው መካከለኛ ነጋዴ ነው። ማሩን ከአምራቹ ይገዛል፣ ያሽጋል፣ ፎቶ አንስቶ በራሱ ስም ይሸጣል። ማሸጉና ማድረሱ ሥራ ነውና ትርፍ ማግኘቱ አያስወቅሰውም። አምራቹ ግን ስሙም ደንበኛውም በሌላ እጅ ሲገባ የመደራደር አቅሙ እንደ ቀድሞው ዝቅተኛ ሆኖ ይቀጥላል።

ለዚህ መውጫው አዲስ ተቋም መፍጠር አይደለም። መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ምርት በአንድ ስም፣ በአንድ የጥራት ደረጃና በአንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ማቅረብ ይችላሉ። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የቀበሌው ወጣት ትእዛዝ ቢቀበልና ለደንበኛ ምላሽ ቢሰጥ ለራሱም እንጀራ ያገኛል። የግብርና ባለሙያዎችም ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንደሚያስተምሩት ሁሉ ስለ ማሸግ፣ ስለ ደረጃና ስለ ዲጂታል ክፍያ ማስተማር ይጠበቅባቸዋል።

እስከዚያው ድረስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሻጭ "ገንዘቡን ልኬያለሁ" የሚል መልእክት ስላየ ብቻ ምርቱን ማስረከብ የለበትም፤ በመጀመሪያ የራሱን ሒሳብ ያረጋግጥ። ገዢም አድራሻው ለማይታወቅ ገጽ ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ ባይልክ፣ የሚቻል ከሆነም ምርቱን ተረክቦ ቢከፍል ይመረጣል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክቶች ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ ሁለቱም ወገኖች የተለዋወጡትን መልእክትና የክፍያ ማረጋገጫ ሊያስቀምጡ ይገባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

አራቱ መሠረቶች ዛሬም አሉ። የተለወጠው ገዢው የሚያምንበት መንገድ ነው። ቀድሞ በምላሱና በእጁ ያረጋግጥ የነበረውን ዛሬ ሻጩ አስቀድሞ ሊያረጋግጥለት ይገባል። ንጹሕ ምርት ያለው አርሶ አደር ይህን ማድረግ ይችላል፤ ይበልጥ የሚያዋጣው ግን ከጎረቤቶቹ ጋር በማኅበር ሆኖ ሲያደርገው ነው።