ሁለተኛው ፎቶ

«አየሁት» አልከኝ፣ ገና ወንበር ሳትስብ። «ያን ሲቲ ኦፍ ጎድ እያላችሁ የምታዳንቁትን ፊልም አየሁት። ምኑ ነው የሚደነቀው? ሕፃን ሽጉጥ ይዞ እየሳቀ ሰው ይገድላል፣ ከኋላ የሳምባ ሙዚቃ ይመታል! በድሃ ደም ማስጨፈር አይደለም እንዴ?»

በል መጀመሪያ ማኪያቶህን እዘዝ። ከዚያ ደግሞ ብቻህን እንዳልሆንክ ልንገርህ። ፊልሙ በ2002 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ) ብራዚል ውስጥ ሲወጣ፣ አንተ አሁን ያልከውን ኢቫና ቤንቴስ የምትባል ሃያሲ በሥርዓቱ ጽፋዋለች። ግላውበር ሮቻ የተባለው የፊልም ሰው በ1965 «ረሃባችን ሳይታጠብ ሳይበጠር ይታይ» የሚል ሐሳብ አንሥቶ ነበርና፣ እሷ ደግሞ ይሄኛው ፊልም ረሃብን ኳኩሎ አወጣው ብላ ተቸች። እውነቷን ነው፣ መኳኳሉ ይታያል። ዳይሬክተሩ ፈርናንዶ ሜሬሌስ የሳኦ ፓውሎ ሰው ነው፤ እንጀራው ማስታወቂያ መሥራት ነበር። ካሜራው ሲሽከረከር፣ ቀለሙ ሲነድ፣ ቆረጣው ሲፈጥን የማስታወቂያ ሰው እጅ ያስታውቃል።

«ታዲያ አመንክልኝ!»

ቆይ፣ አትቸኩል። ታሪኩ የሜሬሌስ አይደለም። ፓውሎ ሊንስ የሚባል፣ የፊልሙ ታሪክ በሚፈጸምበት ሰፈር ያደገ ሰው በ1997 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ሊንስ አልባ ዛሉዋር ለምትባል አንትሮፖሎጂስት ረዳት ሆኖ፣ ስለ ወንጀል የራሱን ጎረቤቶች ሲያነጋግር ነው ነገሩ የተጠራቀመለት። ልጆቹንም እይ። ሜሬሌስና ተባባሪዋ ካቲያ ሉንድ አብዛኞቹን ተዋንያን ያመጧቸው ፋቬላ ከሚባሉት የድሃ መንደሮች ነው፤ ለወራት አሠለጠኗቸው፣ የጽሑፍ ቃለ ተውኔት ሳይሰጧቸው በራሳቸው አፍ እንዲናገሩ ተዉአቸው። ወሮበላውን ሊል ዜን ሆኖ ያስጨነቀህ ሌአንድሮ ፊርሚኖ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ያንን «እጅህን ነው እግርህን ልምታህ?» ተብሎ የሚያለቅሰውን ሕፃን አስታውሰው። እሱ ላይ ምን ሳምባ አለ? ምንም። እዚያ ጋ ፊልሙ ዝም ብሎ ያስለቅስሃል።

«እሱን አታንሣብኝ» አልክ፣ ፊትህን አዙረህ። አየህ፣ ያ ፊልም ማስጨፈር ብቻ ቢያውቅ ኖሮ ፊትህን አታዞርም ነበር።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሰፈሩ ከሰማይ አልወረደም። በ1960ዎቹ ገዥው ካርሎስ ላሴርዳ፣ ሪዮ ላይ ከባሕሩ ዳር፣ ከሀብታሞቹ ጎን የነበሩትን የድሃ መንደሮች ሲያስፈርስ ሰው ተጭኖ የተራገፈበት ቦታ ነው። በ1966 ጎርፉ ቤት ያሳጣቸው ደግሞ ተጨመሩበት። ሥራው ባሕሩ ዳር፣ ሠራተኛው ከከተማው ማዶ! ፊልሙ ይህን ጠቆም አድርጎ ያልፈውና ወደ ጥይቱ ይሮጣል። ጠዋት ተነሥቶ አውቶቡስ የሚጋፋው፣ ሰው ቤት ልብስ አጥቦ ማታ የሚመለሰው፣ ማለትም አብዛኛው ነዋሪ፣ እንደ ጥላ ነው የሚያልፈው። ሴው ዦርዢ የተጫወተውን ትኬት ቆራጭ ልብ ብለኸዋል? ጨዋ፣ ሠርቶ አዳሪ። እሱን እንኳ ፊልሙ መሣሪያ ሳያስይዘው አልቀረም።

በዚህ ጉዳይ የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ተቆጥተዋል። ኤም ቪ ቢል የሚባለው ራፐር፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ፊልሙ በነዋሪው ላይ ስም ለጥፎ ሄደ፣ ለሰፈሩ ያመጣው በጎ ነገር የለም ብሎ በግልጽ ወቀሰ። ሥራ ፍለጋ ሄደህ አድራሻህን ስትናገር ቀጣሪው ፊልሙን ቢያስታውስ ምን ይሰማሃል? ወቀሳው ይገባኛል። ግን ይኸው ቢል ምን እንዳደረገ ስማ። ከሴልሶ አታይዴ ጋር ሆኖ በየፋቬላው እየዞረ ዕፅ የሚያሻሽጡ ልጆችን ቀረጸ። «ፋልካው» የተባለው ያ ዘጋቢ ፊልም በ2006 በብራዚል ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ከተቀረጹት 17 ልጆች በሕይወት የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ «ሜሬሌስ አጋነነ» የሚለውን ክርክር ተወው። ጠቡ ስለ ሞቱ ብዛት አልነበረም፤ ማን፣ ለማን፣ እንዴት አድርጎ ያሳየዋል በሚለው ነው።

«ታዲያ ልጄ ልየው ይለኛል» አልከኝ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ። «ጓደኞቹ አይተውታል። ሊል ዜን እንደ ጀግና ነው የሚያወሩት።»

እዚህ ላይ አልከራከርህም። ፊልሙን የወደዱት ብዙ ወጣቶች የወደዱት ሊል ዜን ነው፤ ጥፋቱም በከፊል የፊልሙ ነው። ቁመናውን፣ ንግግሩን፣ አገዳደሉን እያሳመረ አሳድጎታልና። በአራት ዘርፍ ለኦስካር የታጨው (አንዱንም አላገኘም እንጂ) ያው ቀረጻውና ቆረጣው ጭምር ነው፤ ያ ችሎታ ደግሞ ወሮበላንም ያሳምራል። ግን መጨረሻውን እነዚያ ልጆች በደንብ ያዩት አይመስለኝም። ሊል ዜ የሞተው እንደ ንጉሥ አይደለም። ፖሊስ ገንዘቡን ወስዶ ለቀቀው፤ ሽጉጥ የሰጣቸው ሕፃናት ራሳቸው ጨረሱት። ከዚያ ቀጥሎ ማንን እንደሚገድሉ እየቆጠሩ በመንገዱ ሄዱ።

ሮኬት የሚባለው ፎቶ አንሺ እጅ ላይ ደግሞ ሁለት ፎቶ አለ። አንደኛው የሊል ዜ ሬሳ፣ ሁለተኛው ፖሊሶቹ ጉቦ ሲቀበሉ። ሬሳውን ለጋዜጣው ሰጥቶ ሥራ አገኘ። ሁለተኛውን ፈርቶ አስቀረው። ለኔ የፊልሙ ትልቁ ሰዓት ይሄ ነው፤ ከጥይቱ ሁሉ ይበልጣል። ጋዜጣውም ገዢውም የሚፈልጉት የድሃ ልጅ ሬሳ ነው፤ ሽጉጡ በየት በኩል እንደገባ የሚጠይቅ የለም። አንተ «በድሃ ደም ማስጨፈር» ያልከውን ፊልሙ ራሱ ያውቀዋል፣ የራሱን ድርሻም አይደብቅም። ለዚህ ነው የማዳንቀው፤ ቅሬታዬም እንዳለ ሆኖ።

ልጅህ 16 ዓመት እስኪሞላው ይቆይ። ሲሞላው ብቻውን ስልኩ ላይ እንዳያየው፤ አንተ አብረኸው ተቀመጥ። ሲያልቅ ስለ ጥይቱ ማውራት ቢጀምር ዝም ብለህ ስማውና፣ ሁለተኛው ፎቶ ለምን እንዳልታተመ ጠይቀው።