ከፎርማት በፊት

ላፕቶፑ አልነሣ ብሎት ወደ ጥገና ቤት የሄደ ሰው፣ ባለሙያው በሰማያዊው ገጽ ላይ የተጻፈውን ገና በወጉ ሳያነብ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ» ብሎ ሲፈርድ፣ ፍርዱ የመመረቂያ ጽሑፉንና የልጆቹን ፎቶግራፍ ጭምር የሚያጠቃልል መሆኑን ሳያስተውል «እሺ» ብሎ የሚሄድበት ልማድ፣ በእኔ አስተያየት ሊቀር የሚገባው ነው።

በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለት ሀብቶች አብረው ያድራሉና፤ አንደኛው ማሽኑን የሚያስነሣው የዊንዶውስ ፋይል ነው፣ ይህን ማንም ከማይክሮሶፍት አውርዶ ሊተካው ይችላል፤ ሁለተኛው የባለቤቱ የድካም ፍሬ ነው፣ ይህ ግን ከጠፋ ምትክ የለውም። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚኖር ላፕቶፕ አፕዴት በመቀበል ላይ ሳለ መብራት ድንገት ቢጠፋበት፣ ገሚሱ አዲስ ገሚሱ አሮጌ የሆነ ሥርዓት ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚታወከው ግን የመጀመሪያው ሀብት እንጂ ሁለተኛው አይደለም። የብራና መጽሐፍ ድጉሱ ቢላቀቅ ደጓሹ ይሰፋዋል እንጂ ጽሑፉን አይፍቅም።

«ዲ ላይ ያለው አይነካም» የሚለው የባለሙያው ማጽናኛም ብዙ አያጽናናም፤ አብዛኛው ሰው ሥራውን የሚያኖረው በዴስክቶፕና በዶክመንትስ ውስጥ ነው፣ እነዚህም የሚገኙት በሚጠፋው የዲስክ ክፍል፣ በሲ ላይ ነውና።

በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ስሕተት ያለበት አፕዴት ልኮ፣ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች በሰማያዊ ገጽ ላይ በቆሙ ጊዜ፣ አውሮፕላኖች ከመነሣት ሆስፒታሎችም ከሥራቸው ቢታጎሉም፣ ለባለሙያዎች የተነገረው መፍትሔ ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ያንኑ ስሑት ፋይል መሰረዝ ነበር እንጂ ፎርማት አልነበረም።

ለእኛም ላፕቶፕ ቢሆን መንገዱ ዝግ አይደለም። ዊንዶውስ ደጋግሞ መነሣት ሲያቅተው ራሱ የጥገና ገጽ ይከፍታል፤ በዚያ ገጽ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ኖትፓድ ብሎ የጻፈ ሰው፣ «ፋይል» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ኦፕን» የሚለውን ሲጫን፣ ሞተ የተባለው ላፕቶፕ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ይዘረግፍለታል፤ ከዚያ ወደ ፍላሽ መቅዳት ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ እንደ ሆነ ግን ባለ 48 አኃዙ ቁልፍ ያስፈልጋል፣ እርሱም ብዙ ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ፋይሉ ከወጣ በኋላ የተበላሸውን የዊንዶውስ ፋይል መርምሮ የሚተካውን ኤስ ኤፍ ሲ የተባለ ትእዛዝ መሞከር ይቻላል፤ እርሱም ካልረዳ ያን ጊዜ ፎርማት ይምጣ፣ አንቃወመውም። (ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ደዌው ሌላ ነው፤ ወዲያው ማጥፋት ይሻላል።)

ታዲያ ይህ ሁሉ ሳለ ባለሙያው ስለምን ወደ ፎርማት ይቸኩላል? አለማወቅ ነው ብዬ አልፈርድበትም። ፎርማት ዋጋው የታወቀ፣ ሰዓቱም የተቆረጠ ሥራ ሲሆን፣ ፋይል ማውጣት ግን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ እኛ ደንበኞችም «ለመቅዳት ብቻ ይህን ያህል ታስከፍላለህ?» እያልን እንከራከረዋለን። ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች በየራሳቸው ዋጋ ተለይተው በጥገና ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ፣ በደረሰኙም ላይ «ፋይሉ ወጥቷል» ወይም «ባለቤቱ አያስፈልገኝም ብሏል» የሚል መስመር ገብቶ፣ ደንበኛው ፎርማቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ ቢፈርምበት መልካም ነው፤ ጥገና ቤቱም ቢሆን በማግስቱ «ፎቶዎቼስ?» ብሎ ለሚመጣ ደንበኛ የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።