ክዳኑን ስለ ከፈትሁ ዋስትናዬ ይቅር?





እኔ በአሰላ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የምሠራ ጸሐፊ ነኝ። ከደመወዜ አጠራቅሜ ከአዲስ አበባ አንድ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ የአንድ ዓመት ዋስትና የሚል ወረቀትም ተሰጠኝ። ሥራው ቢከብደው ጊዜ፣ በስድስተኛው ወር ክዳኑን ፈትቼ ራም የሚባለውን ክፍል ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ራሴ አሳደግሁ። ሁለት ወር በደኅና ከሠራ በኋላ እስክሪኑ ጨለመ። 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ለሻጩ ባቀርብለት፣ «ማኅተሙ ተቀዷልና ዋስትናው ፈርሷል» ብሎ መለሰኝ። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ከሌላ እስክሪን ጋር ሲያያዝ ያለ እንከን ይሠራል።

ወረቀቱን ሳላነብ መክፈቴ ጥፋት መሆኑን አልክድም። ራም ስጨምር መሰኪያውን ሰብሬ ወይም በእጄ ኤሌክትሪክ አቃጥዬው ቢሆን ኖሮ ዕዳው የኔ ነበር። ዳሩ ግን በአርሲ የስንዴ አጨዳ ጊዜ የኮምባይነር ባለቤት ቀበቶውን ራሱ ስለ ለወጠ፣ ሞተሩ ሲበላሽ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ይባላልን? መጀመሪያ የብልሽቱ ምክንያት ይመረመራል እንጂ!

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ የተሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ሻጩን ዋስ ያደርገዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 813ም ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው፣ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ከዚያ ወዲያ ይበልጡን የምንመካው በዋስትናው ወረቀት ነው። በአሜሪካም በ2018 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ «ይህ ተለጣፊ ከተነሣ ዋስትናው ይፈርሳል» እንደሚለው ባሉ የዋስትና ገደቦች ጉዳይ ስድስት ኩባንያዎችን አስጠንቅቋል።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ፤ ደረሰኙንና አሮጌውን ራም አትጣሉ፤ የሚቻል ቢሆን ሻጩ ራሱ እንዲጨምርላችሁ አድርጉ፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ነጋዴዎችም የቱ መነካት ዋስትናን እንደሚያስቀር፣ በሽያጩ ዕለት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈው ይስጡን። የንግድ ጉዳይ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖችም ይህን ቢያስገድዱ፣ የትንሽ ደመወዝተኛ ገንዘብ በአንዲት ቁራጭ ተለጣፊ ምክንያት ባልቀረ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአሰላ