ደስታን ለበዓል ብቻ አናስቀምጠው

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ላለበት ሰው «እንቅስቃሴ ያድርጉ፣ ጨው ይቀንሱ» ስንል ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ጊዜ የለኝም» የሚል ነው። ምክሩ ለብቻ የሚሸከሙት ቅጣት ሲመስል ብዙም አይዘልቅም። ቤተሰብ ሲጋራው ግን ጨዋታ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ከራት በፊት ከልጆች ጋር በሰፈር መንሸራሸር፣ ገመድ መዝለል፣ እሑድ እንጦጦን በእግር መውጣት ከዚሁ ይቆጠራል።

አዲስ ነገርም ይሞክሩ። በሳምንት አንድ ቀን ልጆች ቀምሰውት የማያውቁትን አትክልት ይምረጡ፤ አብራችሁ አብስሉት። ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ያውጡት፤ የአንድ ሰው የቀን ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። ቡና ሲፈላ ስልኩ ይቀመጥ፤ ከአቦል እስከ በረካ ጨዋታው ይድራ። ከሰል ሲያያዝ ግን በርና መስኮት ይከፈት፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።

ይህ ሁሉ መድኃኒትን አይተካም፤ የታዘዘልዎትን ኪኒን አያቋርጡ። ቀድሞ ያስደስትዎ የነበረው ነገር ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ደስታ ከነሳዎት፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትም ከራቀዎት፣ ድብርት ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ድብርት ስንፍና አይደለም፤ የሚታከም ሕመም ነው።

ዛሬ ማታ ከቤተሰብዎ ጋር ምን ለመሞከር አስበዋል?