ከእግራቸው አጠገብ

ጋዝጊብላ ሳለሁ፣ ዝሆኔ የያዛቸው አንድ ጎረቤታችን ጁሙዓ መምጣት ተዉ። ዉዱእ ሲያደርጉ ሰው ፈንጠር ይልባቸው ነበር፤ እኔም ጭምር።

አላወቅንም እንጂ የደጋው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ የቀይ አፈር ጥቃቅን ማዕድናት በቆዳ ዘልቀው የሚያመጡት ነው። መከላከያው ጫማ ነው። የታመመውንም እግር በየቀኑ በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት ቀብቶ ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ጎረቤታችንን ከመስጂድ ያስቀራቸው እግራቸው ሳይሆን ዓይናችን ነው። ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ ሳሙናና ጫማ እንያዝ። ከሁሉ በፊት ግን ዉዱእ ላይ እንዲህ ካሉት አጠገብ እንቀመጥ፤ ሶፍ ላይም እግራችንን ከእግራቸው አጠጋግተን እንቁም።