የእጅ ሙያ፦ የመኪና ቀለም ሲላጥ ምን እናድርግ?

ባለፈው ሳምንት የመጠጥ ውሃ በንጽሕና እንዴት እንደሚቀመጥ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ መኪና ቀለም እንነጋገራለን።

«እኔ መኪና የለኝ! ይህ ለእኔ ምን ይረባኛል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን መኪና የለንም። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ነገሩ የብረት ነገር ነው። ብረት ደግሞ በየቤታችን አለ።

የጋሼ መኪና

እኔ የማስተምረው ሀና ማርያም ነው። ሀና ማርያም በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ ከገጠር የመጡ ጎልማሳ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «የኔ ልጅ» ይሉኛል።

ጋሼና ወንድማቸው በሬ ሸጠው፣ ዕቁብ ጥለው፣ ከዘመድም ተበድረው አንድ ያገለገለች ነጭ ቶዮታ ፒካፕ ገዙ። የወንድማቸው ልጅ ይነዳታል። ከገጠር ሽንኩርትና ድንች እየጫነች ወደ ከተማ ታመጣለች። የሁለት ቤት እንጀራ በእሷ ላይ ነው።

አንድ ቀን በፒስታ መንገድ ላይ ጠጠር ተፈናጥሮ መታት። የመታትም ከኋላ ጎማ በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ነው። ፓራፋንጎ ማለት ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ ነው። የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀለም ተላጠች። ጋሼ አይተው፣ «ይቺ ምን ትሆናለች!» ብለው ተዉአት።

አንድ ክረምት አለፈ። የስንዴዋ ፍሬ ባቄላ አከለች። ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ቀለሙ እንደ ቡግንጅ አበጠ። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ጋራዥ ወሰዷት። ሠራተኛው ያበጠውን ቦታ በካቻቢቴ ጫን አደረገው። ካቻቢቴው ላሜራውን በስቶ ወደ ውስጥ ገባ! ጭቃም ከውስጥ በኩል ታጭቆ እርጥበት ይዞ ኖሯል። ላሜራው ከውጭም ከውስጥም ተበልቷል።

ሠራተኛው የተበላውን ቆረጠ። አዲስ ላሜራ በየደ። ስቱኮ ሞላ፤ ፈገፈገ፤ ቀባ። መኪናዋ 12 ቀን ቆመች። 12 ቀን ገቢ የለም። ዕዳው ግን አልቆመም። ጋሼ ክፍል ውስጥ እንዲህ አሉን፦ «የኔ ልጅ፣ ለአንዲት የስንዴ ፍሬ የአንድ በሬ ገንዘብ ከፈልኩ።»

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ቀለም ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው የመኪና ቀለም ለጌጥ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ቀለም የብረት ልብስ ነው።

ብረት ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ውሃ ነው፤ ሁለተኛው አየር ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲያገኙት ብረቱ ይዝጋል። ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ ጨው የሚጭን መኪና ከሌላው የበለጠ መታጠብ ያስፈልገዋል።

ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀለሙ ያብጣል፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ሌላ ውሃ ይገባል። እንዲህ እያለ ይሰፋል። ትንሿ ቁስል ራሷን አትፈውስም።

የመኪና ቀለም ብዙ ንብርብር አለው። ከታች ዝገት ተከላካይ ቀለም አለ። ከእሱ በላይ መልኩን የሚሰጠው ቀለም አለ። ከሁሉ በላይ እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን አለ። ሁሉም አንድ ላይ ሲለካ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር 10 እጅ አንዱን ያህል ነው። አሁን የያዛችሁትን ወረቀት በጣታችሁ ዳስሱት። የመኪና ልብስ ከዚህ ብዙም አይወፍርም። አንድ ጠጠር ቢበሳው ምን ይደንቃል?

መጀመሪያ በጥፍር መርምሩ

ጭረት ሁሉ አንድ አይደለም። ቦታውን አጥባችሁ አድርቁት። ከዚያ ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አቋርጡ።

ጥፍሩ ሳይያዝ ካለፈ ጭረቱ ከላይ ባለው የጠራ ሽፋን ላይ ብቻ ነው። ብረቱ አልተነካም። በመወልወያ ቅባት ይጠፋል። ባይጠፋም አይዘጋም።

ጥፍሩ ከተያዘ ጭረቱ ጥልቅ ነው። በውስጡ ብረት ወይም ቡናማ ዝገት ከታየ ለነገ አትበሉ።

አንድ ነገር አትርሱ። ከመኪና አካል ሁሉ ብረት አይደለም። በአዳዲስ መኪኖች ከፊትና ከኋላ ግጭት የሚከላከለው ክፍል ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ አይዝግም። እዚያ ላይ ያለ ጭረት የመልክ ነገር ነው። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ብረቱን አድኑ።

ትንሿን ቁስል እንዴት እንጠግናለን?

የጋሼ መኪና በሌላው ጎኗ እንዲሁ የተላጠች ትንሽ ቦታ ነበረቻት። ይህችን ግን አልተዉአትም። አንድ እሑድ አንድ የሰፈር ቀለም ቀቢ እያሳየን ራሳቸው ጠገኗት። እንዲህ አደረጉ፦

1. ቦታውን በውሃና በለስላሳ ሳሙና አጠቡ፤ በደንብም አደረቁ። ሥራው በጥላ ሥር ነው። በፀሐይ በጋለ ወይም በዝናብ በራሰ ላሜራ ላይ ቀለም አይቀባም።

2. ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ። ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ አላቆሙም። በብርጭቆ ወረቀቱ ጀርባ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ሻካራ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ለስላሳ ነው። 80 በጣም ሻካራ ነው፤ 2000 በጣም ለስላሳ ነው። ለትንሽ ቦታ እንደ 400 ያለው ይበቃል። ወረቀቱን በጠባቡ አጥፋችሁ ቁስሉን ብቻ ፈግፍጉ። ደህናውን ቀለም አታቁስሉ።

3. አቧራውንና ቅባቱን የፋርማሲ አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ በኋላ በጣት አይነካም። ጣት ቅባት አለው።

4. ዝገት ተከላካይ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ነካ ነካ አደረጉ። ብሩሽ ቢጠፋ የክብሪት እንጨት ጫፍ ይሆናል። እስኪደርቅ ጠበቁ።

5. መልኩን የሚሰጠውን ቀለም በስሱ ቀቡ። ሲደርቅ ደገሙ፤ ሲደርቅ ሠለሱ። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከተቀባ ይንጠባጠባል፤ ውስጡም ቶሎ አይደርቅም። ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ በጣሳው ላይ ተጽፏል።

6. በመጨረሻ የጠራውን ሽፋን ቀቡ። አንድ ሳምንት ከቆየ በኋላ ጉብ ያለውን በ2000 ቁጥር ወረቀት፣ በውሃ እያራሱ፣ ቀስ ብለው አስተካከሉ። ከዚያም ወለወሉ።

ሁሉም ነገር የአንድ እሑድ ሥራና የጥቂት ብር ዕቃ ነበር። መኪናዋ ሰኞ ጠዋት ድንች ጭና ገባች።

የመኪናዋ ቁጥር

አሁን ደስ ያለኝን ነገር ልንገራችሁ።

ጋሼ በመጀመሪያው ጊዜ ቀለም የገዙት ማንበብ ሳይማሩ ነበር። ሻጩን «ነጭ ስጠኝ» አሉት። ሻጩም ነጭ ሰጣቸው። ግን ነጭ ብዙ ዓይነት ነው። ከተቀባ በኋላ ያ ቦታ ከሩቅ ይለይ ጀመር። ኋላ መኪናዋን ለመግዛት የመጣ ሰው ያንን አይቶ፣ «ይቺ መኪና ተገልብጣለች» ብሎ ዋጋ ሰበረ። አልተገለበጠችም። ግን ማን ያምናል? ጋሼም ሳይሸጡ ቀሩ።

መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የቀለሙ ቁጥር ተጽፎበት ይወጣል። በሩ ሲከፈት በምሰሶው ላይ፣ ወይም ኮፈኑ ሲነሣ ከሞተሩ አጠገብ ትንሽ ሰሌዳ አለች። ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። በቶዮታ 040 ነጭ ቀለም ነው።

በዚያ እሑድ ጋሼ ኮፈኑን አነሡ። ሰሌዳዋን በጨርቅ ጠረጉ። የፈረንጁን ፊደል አላወቁትም። ቁጥሩን ግን ያውቁታል። ቁጥሩ እኛ ክፍል ከተማርነው ጋር አንድ ነው። ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ዜሮ፣ አራት፣ ዜሮ» ብለው አነበቡ። በደብተራቸውም ጻፉት። ደብተሩን ይዘው ሱቅ ሄዱ። ሻጩ «የትኛው ነጭ?» ሲላቸው ደብተሩን ገለጡለት።

ቀለሙ ገጠመ። አንድ ነገር ግን እንጨምር፦ ያረጀ ቀለም በፀሐይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም አስቀድማችሁ በማይታይ ቦታ ሞክሩት።

ተጠንቀቁ!

ቀለምና ቲነር እሳት ይወዳሉ። በአጠገባቸው ሲጋራ አይጨስም፤ ምድጃ አይነድም። ሽታቸው ራስ ያዞራል። በተዘጋ ቤት አትሥሩ። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትንና በመርጫ የሚረጨውን ቀለም ግን ለባለሙያ ተዉት፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል።

ቲነርን በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጡ። ቲነር እንደ ውሃ የጠራ ነው። የተጠማ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በራሱ ዕቃ ይቀመጥ፤ ላዩ ላይ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ።

በዝገት ላይ ቀለም አትቀቡ። ቁስል ሳይታጠብ ጨርቅ እንደ መጠቅለል ነው። ዝገቱ ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። አንዳንዶች በጥርስ ሳሙና ያሹታል። የጥርስ ሳሙና ቀላል ጭረትን ያደበዝዝ ይሆናል እንጂ ብረት አያለብስም።

ያገለገለ መኪና የምትገዙም ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ማግኔት በብረት ላሜራ ላይ ይጣበቃል። ሁሉ ቦታ ተጣብቆ አንድ ቦታ ከወደቀ፣ እዚያ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ጠይቁ።

ለምን አሁን?

መኪና ዛሬ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ ግብሩን እጅግ ከፍ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አሮጌዋ መኪና ገና ብዙ ዓመት እንድትሠራ ትፈለጋለች። ሞተር ቢሞት ሞተር ይለወጣል። አካሏ በዝገት ከተበላ ግን ማዳኑ ከባድ ነው።

መኪና ለሌለን

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ማረሻችንን፣ ማጭዳችንን፣ ዶማችንን ተመልከቱ። ሥራ ሲያልቅ ከነጭቃው ከጣልነው ይዝጋል። ጭቃ እርጥበት ይይዛል። አጥበን፣ አድርቀን፣ ዘይት ቀብተን ብንሰቅለው ለከርሞ ይደርሳል። የጋሪያችንንም ብረት እንዲሁ።

የቤታችንን ክዳን ቆርቆሮም እዩት። ቆርቆሮ ዚንክ የሚባል ልብስ አለው። ልብሱ የተላጠበትና ሚስማር የበሳው ቦታ መጀመሪያ ይዝጋል። ቡናማ ነጥብ ካያችሁ በበጋ ፈግፍጋችሁ ዝገት ተከላካይ ቀለም ቀቡት። ክረምት ከገባ በኋላ በዝናብ መሐል ጣሪያ ላይ አትወጡም።

ጋሼን ባለፈው ሰኞ ጠየቅኋቸው፦ «ጋሼ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?» እሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ አሁን በየእሑዱ ዞሬ አያታለሁ። በሬም ቢሆን ጀርባው ቆስሎ እንደሆነ ዞሮ ማየት ነው» አሉኝ።

ጥያቄዎች

ካነበባችሁ በኋላ እነዚህን ተጠያየቁ፦

1. ብረትን የሚያዘጉት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?

2. ጥፍራችን በጭረቱ ላይ ቢያዝ ምን ማለት ነው?

3. 80 እና 2000 ከሚሉት የብርጭቆ ወረቀቶች ሻካራው የትኛው ነው?

4. ቲነር በውሃ ፕላስቲክ ለምን አይቀመጥም?

የቤት ሥራ፦ በቤታችሁ ካለው የብረት ዕቃ ዝገት የጀመረውን አንድ ፈልጉ። የዕቃውን ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ከጎኑም ምን እንደምታደርጉለት ጻፉ። በሚቀጥለው ትምህርት አምጡና እናንብበው።

ደህና ሰንብቱ።