«ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?» ለሚሉ

በ2017 ዓ.ም. ቺፕ ያለበት አዲሱ የአገራችን ፓስፖርት ይፋ ሆነ። «በውስጡ ያለውን ማን ያነበዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ግን ወዲያው «ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል?» ይባላል። ይህ አነጋገር ብልህነት ይመስላል እንጂ ብልህነት የለበትም። ማታ ቤቱን የሚዘጋ ሰው ሁሉ የተሰረቀ ዕቃ ደብቆ ነውን? ለወንድሙ የጻፈውን ደብዳቤ የሚያሽግስ ሁሉ ሤራ ጽፎ ነውን? ንጹሕ ሰውም ጓዳ አለው።

እኔ ለብዙ ዓመታት የተማሪዎችን ስም፥ ዕድሜና ውጤት ስመዘግብ የኖርሁ ነኝና መዝገብን የምጠላ አይደለሁም። መዝገቡ ግን በቁም ሣጥን ይቈለፍ ነበር፤ ቍልፉም በማን እጅ እንዳለ ይታወቅ ነበር። ዛሬም የምከራከረው ስለ ቍልፉ ነው።

ቺፑ የራሱ ባትሪ የለውም፤ ማንበቢያ መሣሪያ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ሲቀርበው ከመሣሪያው በሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ ኀይል አግኝቶ የያዘውን ይናገራል። ስምና የልደት ቀን የፊትም ምስል በውስጡ አለ፤ በአንዳንድ አገር የጣት አሻራም ይጨመርበታል። የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያለውን ፓስፖርት ሲያዘጋጅ በመጀመሪያ ያሰበው ያለ ቍልፍ እንዲነበብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ሲጠየቅ ከ2000 በላይ አስተያየት ቀረበ፤ የሚበዛውም ተቃውሞ ነበር። ስለዚህ በዓመቱ በ2006 ፓስፖርቱ ሲወጣ ሞገድ የሚከለክል ብረት በሽፋኑ ገባ፥ ለቺፑም ቍልፍ ተበጀለት። እነዚያ ተቃዋሚዎች ወንጀለኞች ነበሩን? «ምን ይፈራል» የሚለው ቃል አፋቸውን ዘግቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ብዙ የአገራችን ተወላጆች የሚይዙት ያ ፓስፖርት ክፍት ሆኖ በቀረ ነበር።

ቍልፉም ቢሆን፥ አንባቢ ሆይ፥ የተለመደው ዓይነት የሚሠራው በፎቶው ገጽ ግርጌ ከታተሙት ከፓስፖርቱ ቍጥር፥ ከልደት ቀንና ዘመኑ ከሚያበቃበት ቀን ነው። የዚያን ገጽ ፎቶ ኮፒ የያዘ ሰው ወደ ቺፑ ከቀረበ ቍልፉ በእጁ ነው ማለት ነው። (ለጣት አሻራ ሌላ ቍልፍ ያደረጉ አገሮች መኖራቸው ደግ ነው።) እኛስ ይህን ገጽ ለማን ያልሰጠነው አለ? ለሆቴል፥ ለባንክ፥ ለደላላ! ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ የምትሄደው ልጅማ ኮፒውን ለኤጀንሲው፥ ብዙ ጊዜም ፓስፖርቱን ራሱን ለአሠሪዋ አስረክባ ባዶ እጅዋን ትቀራለች። እርስዋን «ንጹሕ ከሆንሽ ምን ትፈሪያለሽ?» ለማለት የሚደፍር ማን ነው?

ሕግ የለም አልልም። የሕገ መንግሥቱ 26ኛ አንቀጽ የግል ሕይወት እንዲከበር ያዝዛል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ም አለ። አዋጅ ግን በመሳቢያ ተቀምጦ ማንንም አይጠብቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ፓስፖርት የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በቺፑ ምን እንደ ተጻፈ፥ ማን እንደሚያነበው፥ የተነበበውም የት ተቀምጦ መቼ እንደሚደመሰስ ባለቤቱ በሚያውቀው ቋንቋ በአንድ ወረቀት ጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር ያስረክብ። ኮፒ የሚጠይቅም ሁሉ፥ ባለሆቴልም ይሁን ደላላ፥ ለምን እንደሚፈልገው ካልተናገረ አይሰጠው።